በደጋ ላይ የሚሠራ ቤተ ሙከራ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዩኒቨርሲቲ የምርምር ቤተ ሙከራዎች የሚሠሩ ተማሪዎችንና ባለሙያዎችን ደኅንነት ይመለከታል

የማስተማሪያ ቤተ ሙከራና የምርምር ቤተ ሙከራ በአንድ ሕንፃ፣ አንዳንዴም በአንድ ክፍል ውስጥ ቢገኙም አደጋቸው ለየቅል ነው። በማስተማሪያው ሙከራው ለዓመታት የተደጋገመ፣ መጠኑ የተለካ፣ ውጤቱም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ መምህሩም ቴክኒሺያኑም በሰዓቱ ይገኛሉ። በምርምሩ ግን ውጤቱ አይታወቅም፤ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ምርምር ባልተባለ ነበር። ተማሪው ማሽኑ ነጻ የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቆ በሌሊት ወይም በእሑድ ይገባል፣ ብቻውን ይሠራል፣ አማካሪው ደግሞ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። በሀገራችን የደኅንነት መመሪያ ሲባል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በአመዛኙ የተጻፈው ለመጀመሪያው ዓይነት ክፍል ነው።

ይህ ደብዳቤ የሚነሣው ከጫንጮ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ፍቼ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከሱሉልታ አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,550 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። ራሷ ዩኒቨርሲቲ የላትም፤ ዙሪያዋን ግን ምርምር ከቧታል። በሰሜን ፍቼ ላይ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ፣ በደቡብ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሰበታ ላይ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትና የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይገኛሉ። የቢሲጂ ክትባት በከብቶች መካከል የሚደረገውን የሳንባ ነቀርሳ መተላለፍ 90 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በሳይንስ መጽሔት የታተመው ጥናት የተካሄደው በዚሁ በሰበታው ኢንስቲትዩት ነው። ለእነዚህ ተቋማት ተማሪዎች ከሱሉልታ እስከ ሰላሌ ያለው አገር የናሙና ማዕድ ነው፦ ወተቱ፣ የከብቱ ደም፣ የእርሻው አፈር፣ በየአጥሩ የሚበቅለው እንዶድ ሁሉ ተቀድቶና ተለቅሞ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል።

ነገሩን ከወተቱ መጀመር ይሻላል፣ በዚህ አካባቢ በብዛት የሚጠናው እሱ ነውና። የወተትን የቅባት መጠን ለመለካት ዛሬም በስፋት የሚሠራበት የገርበር ዘዴ ነው። አንገተ ቀጭን በሆነችው የመስታወት መለኪያ፣ በቡቲሮሜትር፣ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ይገባል፤ በላዩ 11 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ወተት በጎን በኩል ቀስ ተደርጎ ይንቆረቆራል፤ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል ይጨመርና በጎማ ውታፍ ተዘግቶ ይናጣል። አሲዱ የወተቱን ፕሮቲን ሲያቃጥል ዕቃው በባዶ እጅ የማይያዝ እስኪሆን ይግላል። አደጋው የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው የቅደም ተከተል ስሕተት ነው፤ ወተቱ በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ድብልቁ ይፈነዳል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ውታፉ ነው፤ ያረጀ ጎማ በግፊት ተስፈንጥሮ የፈላ አሲድ ፊት ላይ ይረጫል። ሦስተኛው፣ እጅግም የሚያሳፍረው፣ አሲዱን በአፍ ስቦ በፒፔት መለካት ነው። ይህ ልማድ በዓለም ዙሪያ ከቤተ ሙከራ የተባረረው ከአሥርት ዓመታት በፊት ቢሆንም የጎማ መሳቢያ በጠፋበት ቦታ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ የአሲድ መመጠኛ ጠርሙስ፣ አዲስ ውታፍ፣ ዕቃው የሚጠቀለልበት ወፍራም ጨርቅ፣ ጎኑ የተዘጋ የዓይን መነጽር። ሁሉም ተደምሮ ጥናቱ ለናሙና መጓጓዣ ከሚያወጣው ገንዘብ ያንሳል።

ወተቱና ደሙ ግን ከአሲዱ የባሰ፣ ዓይን የማያየው ነገር ይዘው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከተመረመሩት የሆልስታይን ከብቶች 22 በመቶ፣ ከሀገረሰብ ዜቡዎች ደግሞ 12 በመቶ ገደማ በቆዳ ምርመራ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምልክት እንዳሳዩ መዝግቧል። ብሩሴላ፣ ማለትም የውርጃ በሽታ አምጪው ባክቴሪያ፣ በቤተ ሙከራ ሠራተኞች ላይ በብዛት ከሚመዘገቡት የባክቴሪያ ልክፍቶች የመጀመሪያውን ረድፍ ይይዛል። በትንፋሽ ከገባ ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ሕዋሳት ብቻ ሰውን ለማሳመም ይበቃሉ ተብሎ ይገመታል። ሕመሙ ከሳምንታት አልፎ ከወራት በኋላ፣ ትኩሳቱ ሄድ መለስ እያለ፣ ላቡና የመገጣጠሚያ ቁርጥማቱ ታክሎበት ስለሚገለጥ ሐኪሙም ታማሚውም ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብለው ያልፉታል። ተማሪው በዚያን ጊዜ ተመርቆ ሄዶ ይሆናል።

ከወረጀች ላም የተወሰደ ናሙና ክፍት ጠረጴዛ ላይ ከተከፈተ፣ ሴንትሪፊውጁ ገና ሳይቆም ክዳኑ ከተነሣ፣ ወይም የበቀለው ባክቴሪያ ምን እንደሆነ ለመለየት ሳህኑ ወደ አፍንጫ ተጠግቶ ከተሸተተ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ይጋለጣል። የቻይናዋ ላንዡ ከተማ ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሐምሌና በነሐሴ አንድ የእንስሳት ክትባት ፋብሪካ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተሕዋስያን በመጠቀሙ ብሩሴላ ከጭስ መውጫው ጋር ወደ አየር ወጣ። መለከፋቸው መጀመሪያ የታወቀው በአቅራቢያው ባለው የእንስሳት ሕክምና ምርምር ኢንስቲትዩት የሚሠሩና የሚማሩ ሰዎች ናቸው፤ በቀጣዩ ዓመት መስከረም ወር የተረጋገጠው የታማሚ ቁጥር ከ3,000 አልፎ ነበር። መነሻው ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ነው። በእኛም ቤተ ሙከራዎች ጠረጴዛ የሚጠረግበት በረኪና ብዙ ጊዜ መቼ እንደተበጠበጠ አይታወቅም። የተበጠበጠ በረኪና በየቀኑ መታደስ አለበት፤ በትናንቱ ላይ ውሃ እየጨመሩ መቆየት እጅን ያሸታል እንጂ ተሕዋስያን አይገድልም። በረኪናው ሰልፈሪክ አሲድ በተሠራበት ጠረጴዛ ላይ ሲደፋ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ የገርበር ሥራና የባክቴሪያ ሥራ በአንድ ጠረጴዛ መሠራት የሌለበት በዚህም ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ሚኒስቴሩ ከሁሉ አብልጦ እንዲመለከተው የሚፈለገው ነው፤ ከውጭ በሚገለበጡ መመሪያዎች ውስጥ ቢገኝ እንኳ በግርጌ ነውና። አብዛኞቹ የደኅንነት ሰንጠረዦች የተሠሩት ለባሕር ወለል ነው። በጫንጮ ከፍታ የአየሩ ግፊት 74 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ሲሆን በባሕር ወለል ካለው ከ101 ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ፍቼ፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባም ከዚህ እምብዛም አይርቁም። ይህ ቁጥር የቤተ ሙከራውን ኑሮ በብዙ ቦታ ይለውጠዋል።

መጀመሪያ አውቶክሌቩን እንውሰድ። መጽሐፉ 15 ፒኤስአይ በሚያሳይ ግፊት 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ይገኛል፣ 15 ደቂቃም ይበቃል ይላል። ነገር ግን ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የውጭው አየር ራሱ ሲሳሳ ጌጁ 15 እያነበበ ውስጡ ያለው እንፋሎት 116 ተኩል ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሙቀትን ለሚቋቋሙት የባክቴሪያ ስፖሮች ግን የመግደያውን ጊዜ ወደ ሦስት እጥፍ ያረዝመዋል። 121 ዲግሪ ለማግኘት በጫንጮ ጌጁ 19 ፒኤስአይ ማንበብ አለበት። ሙቀቱን በራሱ የሚለካ ዘመናዊ አውቶክሌቭ ይህን ያለ ማንም እርዳታ ያስተካክላል፤ በምድጃ ላይ የሚጣደውና በጌጅ ብቻ የሚነበበው ግን አያስተካክልም። አምራቹ ከፈቀደው ግፊት ማለፍ ሌላ አደጋ ስለሆነ እንዲህ ያለው ድስት ሰዓቱ ቢረዝምለት ይሻላል። ቀለሙን የሚቀይረው ፕላስተርም ዕቃው መጋሉን እንጂ ተሕዋስያኑ መሞታቸውን አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ለዚሁ ተብሎ የሚገዛው የስፖር መፈተሻ ነው። ናሙናውን አጸዳሁ ብሎ ወደ ቆሻሻ የሚጥል ተማሪ ያልሞቱ የባክቴሪያ ስፖሮች አብሮ የሚጥል ከሆነ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል።

ሁለተኛው ተቀጣጣይ ፈሳሾች ናቸው። ዳይኢታይል ኢተር በባሕር ወለል 34 ተኩል ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ በዚህ ከፍታ ግን 26 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። ፀሐይ በመስኮት በምትገባበት የጥር ቀትር ጠርሙሱ በራሱ ጊዜ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ዛይሊን፣ የሕብረ ሕዋስ ጥናት የሚሠሩ ሁሉ የሚያውቁት ፈሳሽ፣ በመጽሐፉ ተን የሚቀጣጠልበት ሙቀት ከ27 ዲግሪ ጀምሮ ነው። ግፊቱ በአንድ ኪሎ ፓስካል በቀነሰ ቁጥር ይህ ሙቀት በሩብ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ በጫንጮ ወደ 20 ይጠጋል። በመጽሐፉ «ክፍል ውስጥ ካልሞቀ አይቀጣጠልም» የተባለው ፈሳሽ በደጋው ክፍል ውስጥ ሳይሞቅ የሚቀጣጠል ሆኖ ይገኛል።

የመድኃኒት ዕፅዋት ምርምር ከዚህ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ካስተዋሉ ወዲህ የሀገራችን የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ክፍሎች ዕፅ እየጨመቁ ብዙ ሰው አስመርቀዋል። የጭመቃው ዋና መሣሪያ ሶክስሌት ነው፤ ሄክሳን ወይም ሜታኖል ሥር ይፈላል፣ ተኑ ወጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይመለሳል፣ ይህም ለ8 ወይም ለ12 ሰዓት ይደጋገማል። ተማሪው አመሻሽ ላይ ጥዶ ወደ መኝታው ይሄዳል። በሌሊት ውሃው ቢቋረጥና ማሞቂያው ቢቀጥል ሄክሳኑ እንዳለ ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ ከአየር የከበደ ስለሆነም ወለል ለወለል ተጉዞ የፍሪጅ ሞተር ወይም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ እስኪያገኝ ይሄዳል። እዚህ ላይ ደጋው አንድ ውለታ ይውላል፤ የቧንቧው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ተኑን በደንብ ይመልሳል። ውለታው ግን ውሃው እስካለ ድረስ ነው። ውሃ ሲቆም ማሞቂያውን የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ በገበያ አለ። እሱ እስኪገዛ ድረስ ደንቡ አጭር ነው፦ የሚፈላ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ሰው በሌለበት አይተውም።

ለከብት ማዳቀያ ዘርና ለናሙና ማቆያ የሚያገለግለው ፈሳሽ ናይትሮጅንም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። መጽሐፉ አንድ ሊትሩ 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል ይላል፤ በደጋው አየር ግን 950 ይጠጋል። በጠባብ ስቶር ውስጥ አሥር ሊትር ቢፈስስ ትንፋሽ ይቆርጣል እንጂ የሚያስጠነቅቅ ሽታ የለውም።

ስለ መብራትና ስለ ውሃ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው መቋረጡ ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ነው። የጭስ መሳቢያው፣ በተለምዶ ፉም ሁድ የሚባለው፣ መብራት ሲጠፋ ሳጥን ብቻ ይሆናል፤ ውስጡ የነበረው የናይትሪክ አሲድ ጢስ ወደሚሠራው ሰው ይመለሳል። ጄኔሬተሩ የሚነሣው ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ከሆነና መሳቢያው ከመስመሩ ውጭ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መሳቢያው በሚሠራበትም ጊዜ በእርግጥ ስለመሳቡ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። በመስኮቱ በኩል የሚገባው አየር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። መለኪያ ከሌለ የሶፍት ቁራጭ አፉ ላይ ማንጠልጠል ብዙ ይናገራል፤ ወደ ውስጥ ካልተሳበ መሳቢያው የዕቃ ማስቀመጫ ቁምሳጥን ነው። በብዙ ቦታ እንደ ቁምሳጥን ያገለግላልም።

የዓይን መታጠቢያውን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። ዓለም አቀፍ ልማዱ በደቂቃ 1 ሊትር ተኩል ውሃ ለ15 ደቂቃ ነው፤ ይህም 23 ሊትር ያህል ይሆናል። ቧንቧ በሌለበት ወይም በማይታመንበት ቤተ ሙከራ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ከፍ ብሎ ተሰቅሎ፣ ለስላሳ ፍሰት የሚሰጥ ቧንቧ ተገጥሞለት፣ በየሳምንቱ ውሃው ቢቀየር ዓይንን ያድናል። የሰውነት መታጠቢያ ሻወር ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ በደቂቃ 75 ሊትር ይፈልጋል፤ በ15 ደቂቃ ከ1,100 ሊትር በላይ ይጠጣል፣ አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ እንኳ አይበቃውም። ስለዚህ የምርምር ሕንፃ ሲሠራ ጣሪያው ላይ ለሻወሩ ብቻ የተለየ ሮቶ መኖሩን የግንባታ ተቆጣጣሪው ሊጠይቅ ይገባል። ካለቀ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ተማሪዎች ጥንቃቄ ያድርጉ» የሚለው ማሳሰቢያ ምን ያህል እንደሚያወላዳ መገመት ይቻላል። የዳርትማውዝ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን በመርዛማ ብረታ ብረቶች ጥናት የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1996 ጥቂት ጠብታ ዳይሜቲል ሜርኩሪ በጓንታቸው ላይ ወደቀ። መሳቢያው ሥር ይሠሩ ነበር፣ ጓንትም አድርገው ነበር፤ በጊዜው የሚጠየቀውን ሁሉ አሟልተዋል። የላቴክስ ጓንቱ ግን ያንን ፈሳሽ በሰከንዶች ውስጥ የሚያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። በሰኔ 1997 አረፉ። ጓንት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለደም የሚሆነው ለክሎሮፎርም አይሆንም። በየስቶሩ በብዛት ያለው ግን ለሐኪም የተሠራው ስስ ላቴክስ ነው። የትኛው ጓንት ለየትኛው ፈሳሽ እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ጓንቱ በሚታደልበት መስኮት ላይ ቢለጠፍ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው።

የሼሪ ሳንጂ ጉዳይ ደግሞ ከጓንት አልፎ ወደ ሕግ ይወስዳል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ረዳት የነበረችው የ23 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2008 አየር ሲነካው በራሱ የሚነድ ኬሚካል በፕላስቲክ ሲሪንጅ ስትስብ መግፊያው ወጣ። ጋውን አልለበሰችም ነበር፤ ሰው ሠራሽ ሹራቧ ተቀጣጠለ፤ ከ18 ቀን በኋላ ሞተች። የግዛቱ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣን መርምሮ ዩኒቨርሲቲውን ቀጣ፤ ዐቃቤ ሕግም እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በዩኒቨርሲቲውና በአማካሪዋ ፕሮፌሰር ላይ የወንጀል ክስ መሠረተ። ይህ ሁሉ የሆነው ሳንጂ ደመወዝ የምትቀበል ተቀጣሪ ስለነበረች ነው። ያንኑ ሥራ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ደመወዝ የሌለው ተማሪ ቢሆን ኖሮ ያ ሕግ አይደርስለትም ነበር።

በእኛም ሀገር መስመሩ በዚያው ቦታ ላይ ይሰመራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ የደረሰውን አደጋ እንዲመዘግብ ያስገድደዋል። ሠራተኛ ማለት ግን በቅጥር ውል የሚሠራ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህርና ቴክኒሺያን በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ተማሪ ደግሞ በዚህ አዋጅ ቋንቋ ሠራተኛ አይደለም። የስሚንቶ ፋብሪካ የጥራት ቤተ ሙከራ ውስጥ አሲድ የሚለካ ወጣት በአዋጁ ይጠበቃል። ከጫንጮ በሚገነጠለው መንገድ ደርባ ላይ እንዲህ ዓይነት ፋብሪካ አለ። ያንኑ አሲድ ለመመረቂያ ጥናቱ የሚለካ ወንድሙ ግን የሚጠበቀው በአማካሪው ደግነት ነው። ደግ አማካሪዎች ብዙ ናቸው፤ ደግነት ግን የሒሳብ መደብ የለውም፣ የሆስፒታል ወጪም አይከፍልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሚኒስቴሩ በመመሪያ፣ በምርምር ቤተ ሙከራ የሚሠራ ተማሪ ለደኅንነትና ለሕክምና ጉዳይ እንደ ሠራተኛ እንዲቆጠር ያድርግ። ከዚህ ተከትሎ በየቤተ ሙከራው አንድ በስም የሚታወቅ ኃላፊ ይኑር። ኃላፊው ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው መሆን አለበት፤ ሥልጣን የሌለው የደኅንነት ኃላፊ ፊርማ ብቻ ነው። ለዚህ ቦታ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ጠርሙሶቹን በቀለማቸው የሚያውቃቸው የረጅም ዘመን ላብ ቴክኒሺያን አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ዲኑን «አይሆንም» ማለት የሚችለው በደብዳቤ ሲሾም ብቻ ነው።

ስቶሩን በተመለከተ ችግሩ ከመግዛት ይልቅ ማስወገድ ነው። ጨረታ በዓመት አንዴ ስለሚወጣ ዲፓርትመንቶች የሚያስፈልጋቸውን ሳይሆን የሚፈሩትን ያህል ያዛሉ፤ 100 ሚሊ ሊትር የሚበቃው ጥናት ባለ 2 ሊትር ተኩል ጠርሙስ ይገዛል። የቀረው መደርደሪያ ላይ ያረጃል። የቆየ ኢተር በውስጡ ፔሮክሳይድ ያጠራቅማል፣ የደረቀ ፒክሪክ አሲድ ክዳኑ ሲዞር ሊፈነዳ ይችላል፤ ሁለቱንም መክፈት የሚገባው ተማሪ አይደለም። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ቆሻሻው በአመንጪው ኃላፊነት ሥር እንደሆነ ቢደነግግም የምርምር በጀት ቅጾች ስለ ማስወገጃ የሚጠይቅ መስመር የላቸውም። ሀገሪቱ የዚህን ዋጋ አንዴ ቀምሳዋለች። ለዓመታት የተከማቸው ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ በሆነ ጊዜ ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ፊንላንድ ውስጥ እንዲቃጠል መላክ ነበረበት። ቤተ ሙከራው ያንን ያህል አያከማችም፤ ቢሆንም የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ወደ ሰሜን ወርዶ ሙገር ይገባል፣ ከሙገርም ዓባይ። በማጠቢያው ገንዳ የሚደፋ ሜርኩሪ በመንገዱ ላይ ከብት የሚጠጣበትን ሁሉ ያልፋል። በየጥናቱ ፕሮፖዛል ላይ አንድ ገጽ ቢታከል ብዙ ይቃለላል፦ ምን ይገዛል፣ ምን ያህል፣ ሲያልቅ የት ይሄዳል፣ መብራት ቢጠፋ ምን ይደረጋል። ያ ገጽ ሳይሞላ ፕሮፖዛሉ አይጽደቅ።

የአደጋ መዝገብም ያስፈልጋል፣ በተለይም ለጥቂት ያመለጡ አደጋዎች። እ.ኤ.አ. ጥር 2010 በቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ፈንጂ ነገር ሲፈጭ ሦስት ጣቶቹን አጣ። በቃል የተነገረው ገደብ 100 ሚሊ ግራም ሲሆን የተሠራው 10 ግራም፣ ማለትም መቶ እጥፍ ነበር። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ ሲመረምር ቀደም ሲል በዚያው የምርምር ቡድን ሌሎች አደጋዎች ደርሰው እንደነበርና ከእነሱ የተወሰደ ትምህርት እንዳልነበረ አገኘ። በእኛም ዘንድ የተሰበረ ጠርሙስ ተማሪውን ስለሚያስከፍለው ተጠርጎ ይደበቃል። መስበር የሚያስከፍል ከሆነ መዝገቡ ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ ባዶ መዝገብ ደግሞ ለተቆጣጣሪ ጥሩ ዜና ይመስላል። ሪፖርት ያደረገ ተማሪ ዕቃ እንዳይከፍል መወሰን የዲፓርትመንት ሥልጣን ነው፤ ዛሬም ሊወሰን ይችላል።

ለደጋ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሆን የአውቶክሌቭ፣ የመፍላትና የመቀጣጠል ሰንጠረዥ ማዘጋጀት የአንድ ፊዚክስ ክፍል የሳምንት ሥራ ነው። ሚኒስቴሩ አዝዞ በየከፍታው ቢያሠራውና ለሁሉም ቢያሠራጨው ጥሩ ይሆናል። ሥልጠናውን ደግሞ ከክረምት መርሐ ግብር መጀመር ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት የሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ከጫንጮና ከሱሉልታ ትምህርት ቤቶች የሚሄዱትን ጨምሮ፣ የዓመት ሙከራ በሁለት ወር ለመጨረስ የሚጣደፉ ናቸው። ቤተ ሙከራውም በዚያ ወቅት ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይጨናነቃል፣ መደበኛ ሠራተኛውም እረፍት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ለደኅንነት ሥልጠና ቢሰጡ፣ ያልሠለጠነም የቤተ ሙከራ ቁልፍ ባይሰጠው፣ እነዚሁ መምህራን በመስከረም ወደየትምህርት ቤታቸው ሲመለሱ ያንኑ ልማድ ይዘውት ይሄዳሉ።

ግልባጭ፦
ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ አመራር ቦርዶች
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለጫንጮ ከተማ አስተዳደር ጤና ጽሕፈት ቤት